ስለ የመን አምስት አምስት ደቂቃ

የየመን ጦርነት ሲጀመር ዓረብ አገር፣ ኾበር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። ዜናውን የሰማሁት ልጆቹን ከትምህርት ቤት ስመልስ ከመኪናው ሬዲዮ ነው። በእኔ ሥራ ላይ የለወጠው ነገር አልነበረም። ልጆቹ እንደ ወትሮው ከኋላ ወንበር ይጣላሉ፣ ማዳም እንደ ወትሮው ከሱቅ ሱቅ ታዞረኛለች።

የተለወጠው ዓርባችን ነው። ደማም ውስጥ የወሎ ልጆች ጀመዓ ነበረን። የምንሰበሰበው ሁላችንም ሐጂ በምንላቸው ልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ የታመመ እንጠይቃለን፣ የሞተ እንቀብራለን፣ ተይዞ ወደ አገሩ ለሚላክ ሰው ሻንጣ እናዘጋጃለን። ከመሃላችን እንደ እኔ በአውሮፕላን የመጣን፣ ካፊል የሚሉት አሠሪ ዋስ ያለን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ የያዝን ጥቂቶች ነበርን። አብዛኞቹ ባሕሩን በጀልባ ተሻግረው፣ የመንን በእግራቸው አቋርጠው፣ ድንበሩን ተደብቀው የገቡ ናቸው። ወረቀት ስለሌላቸው በቡድን አይመጡም፤ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ጫማቸውንም ደጅ ላይ አይተዉም።

ጦርነቱ እንደተጀመረ በመጀመሪያው ዓርብ ሁሉም ባንድ ላይ ተናገረ። ከሁሉም በላይ የተሰማው በደማም ኢንዱስትሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን ድምፀ ወፍራም ሰው ነበር። የመንን ሁለት ጊዜ አቋርጧል፤ አንዴ ተይዞ ተባሮ እንደገና መጥቷል። ስለዚህ ስለ የመን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም። ጎረቤት ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ አወራ። አንድ ቀለም ቀቢ ጥግ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፈት እያደረገ መልሶ ይዘጋ ነበር። ታናሽ ወንድሙ የየመን ወደብ ዔደን ላይ መቅረቱን ሲወጣ ለሐጂ ባለቤት ነግሯቸው ኖሮ፣ እኛ የሰማነው በኋላ ከእሳቸው ነው።

ሐጂ ተናደዱ። "በሚቀጥለው ዓርብ ለየመን ብቻ እንቀመጣለን፤ ግን እንደ ሰው እየተደማመጥን" አሉ። ሥርዓቱን አስቀድመን እንድንስማማበት እኔንና ጫኙን በሳምንቱ አጋማሽ ቤታቸው ጠሩን።

"በየመን ያለፈ ሰው ሩብ ሰዓት ይሰጠው። በአውሮፕላን ለመጣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል" አለ ጫኙ።

"ለምን?" አልኩት።

"አንተ የመንን የምታውቃት በሬዲዮ ነዋ።"

አልተቀየምኩም፤ እውነቱን ነው። ግን እንደዚያ ከሆነ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ለጥቂት ሰው ብቻ እንደሚበቃ ነገርኩት። ሐጂ የአንድ ቀሚስ ጫፍ እየዘመዘሙ ሲያዳምጡ ቆይተው "ሁሉም እኩል ይናገር። አምስት አምስት ደቂቃ" አሉ።

"መናገር የማይፈልግ ሰው ጊዜውን ለእኔ ቢሰጠኝስ?"

"አይሆንም" አልኩ። "የራስን ጊዜ ለሌላ መስጠት የለም።" ካልሆነ ግማሹን ጀመዓ ለምኖ እስከ መግሪብ እንደሚይዘን አውቃለሁ። እሱም ገብቶት ሳቀ።

ሐጂ አንድ ነገር ጨመሩ። "ከተዋጊዎቹ ማን ልክ ነው፣ ማን ጥፋተኛ ነው የሚል ወሬ ማፊ፣ የለም። በሰው አገር ነው ያለነው። መንገድ ላይ ስለቀሩ ልጆቻችን ብቻ።"

በዚህ ማንም አልተከራከረም። ልንነሳ ስንል የሐጂ ባለቤት ሴቶቹ ከሚቀመጡበት መጋረጃ ጀርባ "ሴቶቹስ?" አሉ።

እኔና ጫኙ ተያየን።

"ሴቶቹ መንገድ ላይ የቀረ ወንድም የላቸውም?"

"አምስት ደቂቃ" አሉ ሐጂ፣ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ።

ሰዓት ያዥ እንድሆን ያቀረበኝ ጫኙ ራሱ ነው። "እሱ እዚያ ዘመድ የለውም፤ ለማንም አያዳላም" አለ።

ዓርብ ዕለት ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ጫኙ ተናገረ። ያስቸግራል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን የባሕሩን ዳርቻና ደላሎች ሰው የሚያግቱበትን ግቢ ባጭሩ ነግሮን፣ እጄን ሳነሳ የጀመረውን ሐሳብ እንኳ ሳይጨርስ ተቀመጠ። ቀጥሎ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት የቤት ሠራተኛ ተናገረች። "በማዳሞች ሳሎን የተነሳነውን ፎቶ መላክ እናቁም። ልጆቹ ያንን አይተው ነው ካገር የሚነሱት" ብላ፣ ጊዜዋ ሳያልቅ ጨረሰች።

ከዚያ ቀለም ቀቢው ተነሳ። የጀመረው ከሩቅ ነው። አባታቸው ሲሞት ወንድሙ ገና ድክ ድክ ይል እንደነበር፣ አንዴ ታሞበት በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ እንዳደረሰው ነገረን። ዔደን ሳይደርስ አምስት ደቂቃው አለቀ። እጄን አነሳሁ።

"የሚቀጥለውን ዓርብ የእኔን ጊዜ አሁን ይውሰድ፤ ያን ዕለት እኔ አልናገርም" አለ ጫኙ።

ሐጂ ወደ እኔ አዩ።

"ጊዜ መስጠት የለም ብለን ተስማምተናል" አልኩ።

ቀለም ቀቢው "ልክ ነው" ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ቅያሜ አላየሁም። እኔም በዚያ ሰዓት ብዙ የተሰማኝ ነገር አልነበረም፤ የማስበው ሥርዓቱ እንዳይፈርስ ብቻ ነው።

ተራው የአንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበር። አልተነሱም። "አሁን ጊዜው የእኔ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"የእርስዎ ነው።"

"እንግዲያው በጊዜዬ እጠይቃለሁ። ልጄ፣ ወንድምህ መጨረሻ የደወለልህ ከየት ነው?"

መጠየቅን የሚከለክል ነገር አልተስማማንም። ላስቆማቸው አስቤ ምክንያት አጣሁ። ቀለም ቀቢው መለሰ። የደወለው በሰው ስልክ ነው፤ ወደቡ አጠገብ ሶማሌዎች ከሚበዙበት ሰፈር። ቀጣዩ ባለ ተራም ተነስቶ ጠየቀው፤ ከማን ጋር ነበር? ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ጠየቀ፤ ለምን ከጓደኞቹ ተለየ? ጥያቄው ሲዞር፣ ሰውየው በራሱ ሊናገረው ያቃተው ነገር በመልስ በመልስ ወጣ። ልጁ እግሩን ተጎድቶ አንድ ሻይ ቤት ተጠግቷል። ያን ጊዜ ጫኙ ቀና አለ። ሰፈሩን ያውቀዋል፤ ሁለተኛ ሲመጣ እዚያ ልብስ እያጠበ የሚኖር አንድ ያገር ሰው አስጠግቶት ነበር። ቁጥሩም አለው።

መግሪብ ሲደርስ ተስማምተን ተነሳን። ጫኙ ልብስ አጣቢውን ይፈልጋል፤ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን ወደየቀያችን ደውለን ማንም በዚያ መንገድ እንዳይመጣ እንናገራለን።

እኔ በማግስቱ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ እስከ መጨረሻው ሰማኝና "አንተስ መቼ ነው የምትመለሰው?" አለኝ። ገና ነኝ አልኩት። "እንግዲያው ተወኝ" አለ፣ ያለ ቁጣ። ዓርብ ስንጠያየቅ ሌሎቹም የሰሙት ይኸንኑ ነው።

የጫኙ ግን ተሳካለት። ስልኩ ለሳምንታት ዝግ ሆኖ ከርሞ ልብስ አጣቢው አነሳ፤ ልጁንም አገኘው። እግሩ ሲሻለው ወደ ጅቡቲ በሚመለስ ጀልባ ተሳፍሮ አገሩ ገባ። ቀለም ቀቢው ይህን ሲነግረን "አልሐምዱሊላህ፣ እናቴ ጋ ነው" ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጫኙ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

ቆይቶ ወረቀት የሌላቸው በሰላም እንዲወጡ ምሕረት ሲታወጅ፣ ቀለም ቀቢው የመውጫ ወረቀቱን፣ ኹሩጁን፣ አስጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። አውሮፕላን ጣቢያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከወራት በኋላ ደወለልኝ። ወንድሙ እንደገና ተነስቷል፤ በዚያው መንገድ፣ ጦርነቱ ሳያልቅ።

"አልነገርከውም?" አልኩት።

"ነገርኩት። 'እንዲህ የምትለው አንተ ሠርተህ መጥተህ ነው' አለኝ። ቁጥርህን ሰጥቼዋለሁ፤ አፉ በለኝ።"

"ደግ አደረግህ።"

ልጁ ደረሰ። አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ደውሎ ኾበር፣ አል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር መሆኑን ነገረኝና ሄጄ አገኘሁት። አንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ቁመናው ቁርጥ ወንድሙ ነው፣ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። መኪና ውስጥ ገብቶ ውሃ ጠጣ። ስለ መንገዱ ልጠይቀው ስል ቀድሞኝ "ቀለም መቀባት እችላለሁ፤ ሥራ ይኖራል?" አለ። ከጀመዓችን ሥራ የሚጠይቅለት ሰው እንዳለ ነገርኩትና ወደ ደማም ነዳሁ።