የሚስማር አቀባዩ ሁለተኛ ዓይን

ሳሎኔ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የተሣልኩበት ሥዕል ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ እንግዳው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ከሆነ ደግሞ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ይለኛል። ስቄ አልፈዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ጥያቄው ልክ ነው፤ አጥፍቼ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባቴ በመቀሌ የአንድ የሠዓሊዎች ማኅበር አባል ነበር። ማኅበሩ በሰሜን በኩል፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀድሞ የእንጨት ሥራ ቤት የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበረው። አባላቱ ስምንት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የአዳራሹን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። በሩ ሲከፈት የሚቀበለን የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅና የተልባ ዘይት ሽታ ነው። ዛሬም አዲስ የተቀባ ቤት ስገባ ያ አዳራሽ ትዝ ይለኛል። እናቴ የደሴ ልጅ ስለሆነች ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ትግርኛ። ሠዓሊዎቹ እኔን ሲያዩ ግን ሁለቱን ቀላቅለው ነበር የሚያወሩኝ።

አንድ ጊዜ ከሬዲዮ የመጣ ጋዜጠኛ «የሥዕል ሐሳብ ከየት ነው የሚመጣላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሊቀመንበሩ አቦይ ካሕሳይ፣ ልጅ ሆነው ገዳም ውስጥ አንድ የብራና መጽሐፍ አይተው እንደነበርና ከዚያ ወዲህ የሣሉት ሁሉ ከዚያው መጽሐፍ እንደሆነ ተናገሩ። አንደኛው ሠዓሊ ጨው ጭነው ከአፋር ከሚመጡት ግመሎች ሌላ ነገር ሥሎ አያውቅም ነበር፤ አባቱ ከግመሎቹ ኋላ ሲሄድ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። አያ ተክሉ የምንለው ሠዓሊ ደግሞ ሮማናት አደባባይ ተቀምጦ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎችን ፊት በሲጋራ ወረቀት ላይ እንደሚነድፍ ገለጸ። የአባቴ ተራ ሲደርስ «ትእዛዝ ሲመጣ ይመጣልኛል» አለ። ጋዜጠኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቴ ግን ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣላል፣ የሚኖረውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። ይህን የሰፈራችን ልጆች ሁሉ እናውቅ ነበር። ስንጣላ ስድብ አያስፈልገንም፤ አንድ ዓይናችንን በመዳፋችን ሸፍነን ወደ ተጣላነው ልጅ መጠቆም ብቻ ይበቃል፤ ያ ልጅ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አያ ተክሉ አዲስ አበባ አንድ ዓመት ሥዕል ተምሮ የተመለሰ ሰው ስለነበር ከአባቴ ጋር ሲከራከሩ ነበር የሚውሉት። ክፉም ሰው ሁለት ዓይን አለው ይላል። ደግሞ የዓይን ብሌን ድፍን ጥቁር ከሆነ አያይም፣ ትንሽ ነጭ ነጥብ ያስፈልገዋል ይላል። ከማኅበሩ ይህን ነጥብ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነበር። አባቴ «ምንድን ነው እሱ? ሞራ ነው?» ሲለው «መስኮት ነው» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ሲነታረኩ ውለው ማታ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

እኔን ዓይን መሣል ያስተማረኝ አባቴ ነው። ካርቶን ቆርጦ ይሰጠኛል፣ እኔም ቅንድቡን፣ ሽፋሽፍቱን፣ ብሌኑን ስደጋግም እውላለሁ። አፍንጫና እጅ ለመሣል ገና ነሽ ተብዬ ስለነበር በዓለም ላይ የምችለው ነገር ዓይን ብቻ ነበር። ነጥቡን ደግሞ አባቴ በማያይበት አያ ተክሉ አሳየኝ። የመጥረጊያ ስንጥር ጫፍ ነጭ ቀለም አስነክቶ ጠብ ሲያደርግበት ካርቶኑ ያየኝ ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ነጥብ የሌለው ዓይን ሣልኩ ማለት ዋሸሁ ማለት መሰለኝ።

በዚያ ዓመት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የስቅለት ሥዕል አዘዘ። ትልቅ አቡጀዲ ሙጫና ጀሶ ተቀብቶ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተወጠረ፤ ዋናው ሠዓሊ አባቴ ሆነ። ከታች ጥግ ላይ ቅርጫት ይዞ ለወታደሮቹ ሚስማር የሚያቀብል አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እንደ ደንቡ በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። ከእኔ ቁመት ጋር እኩል ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊት ለፊቱ እቀመጥ ነበር። እያደር አሳዘነኝ። መዶሻ አልያዘም፣ ማንንም አልመታም፣ ያቀበለ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠዓሊዎቹ ሁሉ ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። አባቴ «ተመልሰን እስክንመጣ ምንም እንዳትነኪ» ብሎኝ ሄደ። በሩ እንደተዘጋ ቀጭኑን ብሩሽ አነሳሁና በሚስማር አቀባዩ ዓይንና ጆሮ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሁለተኛ ዓይን ሠራሁለት። በጎኑ ለተሣለ ፊት ሁለተኛ ዓይን የት እንደሚገባ ማን ያውቃል? ስንጥሩን ፈልጌ ነጥቡንም አደረግኩ። ከዚያ ብሩሹን በአኳራጅ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ በቦታው መለስኩ። እንግዲህ ማንም ልጅን እንዳይጠረጥር ያደረገው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ብሩሽ አጥቦ የሚመልስ ልጅ የለም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስምንቱም ሥዕሉ ፊት ቆመዋል። የአባቴ ፊት ጠቁሯል። አቦይ ካሕሳይ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና ብዙ ቆይተው «የለመደ እጅ ነው» አሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ፈርቻለሁ፣ ከንፈሬ ግን ፈገግ ልበል ይለኛል። የዕድሜ ልክ ሠዓሊ የእኔን ሥራ የለመደ እጅ ነው አለ፤ ለማንም ግን መናገር አልችልም።

ከዚያ ነጥቡን አዩትና ሁሉም ወደ አያ ተክሉ ዞሩ። አያ ተክሉ ቀረብ ብሎ ዓይኑን አየው። ቀና ሲል ከሰዎቹ ትከሻ በላይ ወደ በሩ ተመለከተ። «ጽቡቕ ዓይኒ እዩ» አለ፣ ጥሩ ዓይን ነው ማለቱ ነው።

«በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ትቀልዳለህ?» አለው አባቴ። «በክርክር ስላልቻልክ በሌለሁበት ገብተህ?»

አያ ተክሉ ሠራሁም አልሠራሁም አላለም። ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ቁልፉን እንዲያስረክብ አቦይ ካሕሳይ ወሰኑ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ የቀለም ሣጥኑን ብብቱ ውስጥ ወሸቀና በአጠገቤ አልፎ ወጣ። አባቴ ያንኑ ዕለት ዓይኑን ቀለም ደርቦ ሸፈነው። አቦይ ካሕሳይ ሦስት እጅ ይፈልጋል ቢሉትም በዓሉ ስለደረሰ አንድ እጅ ብቻ ቀብቶ ለቤተ ክርስቲያኑ አስረከበ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ማስታወስ አልወድም። እበላለሁ፣ አጠናለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ግን የአያ ተክሉ በርጩማ ባዶውን ተቀምጧል። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር በሮማናት ስናልፍ መሰላል ላይ ቆሞ የፀጉር ቤት ታፔላ ሲጽፍ አገኘነው። እናቴ ነገሩን ከአባቴ ሰምታ ነበርና ምን እንደምትለው ጠፍቷት «ተክሉ፣ እንደምን ነህ ወንድሜ? ኧረ ጠፋህ» አለችው። ወርዶ ሰላም አላትና ወደ እኔ ዞሮ «ርግበ፣ ዓይን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። የእናቴ ነጠላ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። «አድጋ ነው መሰል ታፍራለች» አለች እናቴ።

ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ አውደ ርእይ ያዘጋጅ ነበር። እያንዳንዱ ሠዓሊ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሥሎ ማቅረብ አለበት። በዚያ ዓመት አባቴ እኔን መረጠ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በርጩማ ላይ ያስቀምጠኝና አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞረዋል። እስኪያልቅ ድረስ ማየት አይፈቀድም። በአምስተኛው ቀን ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ ተነሥቼ አየሁት።

በጎኔ ነበርኩ። ግንባሬ አለ፣ አፍንጫዬ አለ፣ ሹሩባዬ አለ። ዓይን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚሠራ ቦታው ባዶ ነው፤ ቦታው ግን አንድ ብቻ ነው። አባቴ አውቋል አልኩ። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም፣ ሥሎ አስቀመጠኝ። አውደ ርእዩን ከተማው ሁሉ ያየዋል።

አባቴ ሲመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ነበር። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «የሚስማር አቀባዩን ዓይን የሠራሁት እኔ ነኝ። አያ ተክሉ አይደለም።»

ጎንበስ ብሎ አየኝ። ከገጽታው ምንም እንደማያውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ጭራሽ አልጠረጠረም። «ነጥቡንስ ማን አሳየሽ?» አለኝ። ነገርኩት። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ አበሰ፣ ግንባሩ ቀለም በቀለም ሆነ። ዱላ ስጠብቅ «ጫማሽን አድርጊ» አለኝ። ቀለሙ ያልደረቀውን ሸራ ከልብሱ አርቆ ያዘና ወጣን።

አያ ተክሉ ራሱ ነበር በሩን የከፈተልን። አባቴ ይቅርታ መጠየቅ የማይሆንለት ሰው ነው፤ እናቴን እንኳ ሲያስቀይማት ሥጋ ገዝቶ ነው የሚገባው። ሸራውን ወደ እሱ ዘረጋና «ዓይኑ ቀርቷል፤ አንተ ሥራው» አለ።

አያ ተክሉ ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ያበጠ ዓይኔንም አየ። «አንድ ብቻ ነው?» አለ።

«አንድ ብቻ ነው። ብርሃኑ ከመስኮት ነው የመጣው» አለ አባቴ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን አፍንጫ ተመልከት። የእናቴ ነው። ከፊት ለፊት ብሠራው ይጠፋብኛል» አለ። በጎኔ የሣለኝ ለዚህ ነበር፣ ለአያቴ አፍንጫ።

አያ ተክሉ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዓይኔን ሠራ። ከመጥረጊያው ስንጥር ሰብሮ ነጥቡን ሲያደርግ አባቴ ራሱ ሸራውን ደግፎ ይዞለት ነበር። ሲጨርስ አባቴ ከአዳራሹ ይዞት የመጣውን የአያ ተክሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ የቀለም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠለት። አያ ተክሉም «ለምንድን ነው ዓይን የሠራሽለት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ያቀበለ ብቻ ስለሆነ» አልኩት። ሳቀና «እኔ ዓመት ሙሉ የተከራከርኩትን በአንድ ቅዳሜ ጨረሰችው» አለው አባቴን። አባቴም ፈገግ አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

አሁን ነገሩ ሁሉ ሌላ ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። አዳራሹ በጦርነቱ ተዘርፎ ባዶውን ከቀረ በኋላ ጎማ ቤት ሆኗል። ከማኅበሩ የቀሩት ሦስት ሠዓሊዎች አያ ተክሉ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ሥዕሉ ይቀንሳል፣ ወሬው ይበዛል። እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ከዚያ ዓመት በኋላ ካርቶን አላነሳሁም። ማንም አልከለከለኝም፤ አባቴ እንዲያውም «አሁን አፍንጫ ጀምሪ» ብሎኝ ነበር። እጄ ብሩሽ ሲነካ ባዶው በርጩማ እየመጣብኝ ተውኩት።

አምና አያ ተክሉን ልጠይቀው ሄጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ነገር አነሳሁበት። «ያኔ እኔ እንደሆንኩ አውቀህ ነበር አይደል?»

«ነጥቡን ሳይ ነው ያወቅኩት» አለኝ። «እዚህ ከተማ ያንን ነጥብ የምናደርገው እኔና አንቺ ብቻ ነበርን።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር አባትሽ ብሩሽ ያስነካሽ ነበር? ሠዓሊ ትሆኛለሽ ብዬ ነዋ» አለ። ወቀሳ አልነበረም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ለማትመጣ ሠዓሊ ብሎ ነው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የስቅለቱ ሥዕል አሁንም አለ። የምቆመው በሴቶች በኩል ስለሆነ ታችኛው ጥግ ፊት ለፊቴ ነው። ሰሞኑን አባቴ በችኮላ የቀባው አንድ እጅ ቀለም እየሳሳ መጥቷል። በመጀመሪያ እድፍ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ቅንድብ ሆነ። አሁን በሚስማር አቀባዩ ዓይንና ጆሮ መካከል አንድ ጥቁር ብሌን ቀስ እያለ እየወጣ ነው። በዚህ ዓለም ላይ የሠራሁት ሥዕል እሱ ብቻ ነው። ያኔ ማንም እንዳያውቅብኝ ስለት የተሳልኩት እኔ፣ አሁን እሁድ እሁድ ቅዳሴው መሐል ሰዎቹን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ፤ ምናለ አንዱ እንኳ ቢያየው እላለሁ።

ባለፈው እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ አያ ተክሉ በምርኩዙ እየተደገፈ ደጀ ሰላሙ ጋ ጠበቀኝ። እሱም ሥዕሉን አይቶት ኖሯል።

«ነጥቡ ገና ነው» አለኝ።