የአባቴ የክርስትና ስም

ደብረ ታቦር፣ ዓርብ ጠዋት

አባቴ አስር አለቃ ደምሌ በተቀበረ ቀን ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። አላውቀውም። ከውትድርና ከተመለሰ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልፎ አይገባም ነበር፤ የንስሐ አባትም አልያዘም። «እግዚአብሔር በሚያውቀው ስም» ተብሎ ጸሎተ ፍትሐት ተደረገለት። አርባው ግን እንዲህ እንዲያልፍ አልፈቀድኩም። «ዘመዶቼ አልቀዋል» ይለኝ ነበር፤ ቢሆንም በተወለደበት በስማዳ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም ብዬ ተነሣሁ።

ነፋስ መውጫ ላይ ከመኪናው ወርደን ሽሮ በላን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አርብ ገበያ ስንደርስ ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት ሾፌሩ ጡሩምባውን ቢነፋ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ማማረር አምሮኝ ነበር፤ አባቴ በእግሩ የወጣበት አገር ነው ብዬ አፌን ያዝኩ።

ወገዳ፣ ከሰዓት በኋላ

አንድ ባለሱቅ ጠየቅኩ።

«ደምሌ? እሱማ ድሮ ሞቷል። ተዝካሩን በልጅነቴ በልቻለሁ» አለኝ። «እኅቱ እትዬ ጥሩሰው ግን አሉ።»

እንዳለችኝ የማላውቃት አክስት! ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ይለቅማሉ።

«የደምሌ ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

«ደምሌማ ጦር ሜዳ ቀረ፣ ልጄ። መርዶው መጥቶ እናታችን የእርሻ በሬዋን አርዳ ተዝካሩን አወጣች።»

«የሞተው ገና አሁን ነው። ደብረ ታቦር ይኖር ነበር» ብዬ ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው።

አስጠግተው አዩት። ባቄላው ከጭናቸው ፈሰሰ።

«እሱ ነበር ማለት ነው?» አሉ። «ከተዝካሩ በኋላ ነው። አመሻሽ ላይ ምንጭ ወርጄ ‹እታለም!› የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የወታደር ካፖርት ለብሶ ቆሟል፤ ከስቷል። የሞተ ሰው ሲጣራ አቤት ካሉት ይዞ ይሄዳል ይባላል። እንስራዬን ጥዬ ሮጥኩ። ቄሱም ሰይጣን ነው ብለው ጠበል አስጠመቁኝ።»

«አልተከተለዎትም?»

«አልተከተለኝም።»

ተናደድኩባቸው። ወዲያው ደግሞ በአባቴ ተናደድኩ፤ ምነው ደጃፉ ድረስ ቢሄድ! አክስቴ አላለቀሱም። «እንባውን ያን ጊዜ ጨርሼዋለሁ» ብለው ባቄላውን ከመሬት መልቀም ጀመሩ።

ስሙን የነገሩኝ በማግስቱ መናኸሪያ ሲሸኙኝ ነው። «ወልደ ሰንበት ነው» አሉ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ እጄን ያዙኝ። «መቃብሩ ጋ ስትደርሽ፣ አቤት ብላለች በይልኝ።»

ደብረ ታቦር፣ በአርባው

ቄሱ «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት» ሲሉ ጎረቤቶቻችን «ማን ነው እሱ?» ተባባሉ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ አባቴ ከጦር ሜዳ በሕይወት ተርፎ፣ የሞተው ምንጩ ዳር ነው። ያቺን ማታ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ተሸክሟት ኖረ፤ እኔ ልጁ እንኳ አላወቅኩለትም።

ሰው ሁሉ ሲሄድ መቃብሩ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«አባዬ፣ እታለም አቤት ብላለች።»