የጃርቷ ሽንኩርት

ልጅ ሳለሁ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወዲያ ባለችው መንደራችን፣ አያቴ አንዲት ተረት ጀምረው መጨረስ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ባና ለብሰን ከፍሙ ዳር ስንጠብቃቸው፣ «ጃርቷ ከተረተሩ ላይ ሽንኩርት ነበራት» ይሉና፣ ተረተሩ የማን ርስት እንደነበረ፣ ማን ከማን እንደወረሰው ማስረዳት ይጀምራሉ። ያኔ ርስት ከቀረ ቆይቷል፤ ለእሳቸው ግን አልቀረም።

እንደ ምንም ወደ ተረቱ ሲመለሱ፣ ጅቡ ይቀናና የራሱን ሽንኩርት ከጃርቷ ሽንኩርት አጠገብ ይተክላል። ቅጠሉም ራሱም አንድ ዓይነት። «ታዲያ ጃርቷ በምን ለየችው?» ሲሉ፣ ለመሠረተ ትምህርት የሚጠራው የመኪና ቸርኬ ይደወላል። «ዳዊት ስደግም የኖርኩትን ሽማግሌ ሀ ሁ በል ይሉኛል» እያሉ፣ ጋቢያቸውን አንስተው እየተነጫነጩ ይወጣሉ። በማግስቱ እንደገና ከርስቱ ይጀምራሉ። ኋላ ላይ ሰለቸኝና ገና «ጃርቷ» ሲሉ ባናውን ተከናንቤ መተኛት ጀመርኩ።

ዝናብ በቀረበት ዓመት እናቴ ለወጥ የሚሆን የዱር ሽንኩርት ቆፍረን እንድናመጣ ወደዚያው ተረተር ላከችን። ከድንጋዩ መሃል ወፍራም ወፍራሙን መርጬ ነቀልኩ። ወንድሜ ርቦት ስለነበር አንዱን እዚያው ገመጠው። ቤት ስንደርስ አፉ አብጦ ነበር፤ ያስመልሰው ጀመር።

አያቴ ከያዝኩት ላይ ቅጠል ቆርጠው በጣታቸው አሹና አፍንጫዬ ሥር አደረጉት። ምንም አይሸትም።

«ጃርቷ አሸተተችው። ሽንኩርት ሽንኩርት ካልሸተተ የጅብ ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?»

«አባባ፣ እሱን አንድ ቀንም አልነገሩኝም» አልኳቸው እያለቀስኩ።

አያቴ ያን ማታ ቸርኬው ሲደወል ከወንድሜ ራስጌ አልተነሱም። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ቆሎ ጠየቀ፤ እናቴም ያኔ ገና ተቀመጠች።

ያ ተረተር የማን ርስት እንደነበረ፣ ማን ከማን እንደወረሰው፣ ሳልወድ በግዴ እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ልጆቼ ተረት ንገሪን ሲሉኝ ግን፣ «ጃርቷ አሸተተችው» ብዬ ከመጨረሻው እጀምራለሁ። ተረቱን አበላሸሽው እያሉ ይናደዱብኛል። ይናደዱ፤ ወንድሜ ሲያስመልሰው ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።