ጋሽ አዴሎ የተረጎሙልን ፊልም

የጋሽ አዴሎን ማረፍ የሰማሁት ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንደኛዋ የፊልም ቤቱ ሰውዬ አረፉ አለች። ሌላኛዋ መጽሐፍ የሚያውሱት እንዴ ብላ ጠየቀች። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ በገበያው ዳር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ፊልም የሚያሳዩትም፣ መጽሐፍ የሚያውሱትም አንድ ሰው ነበሩና። እኔ ከምማርበት ከሕንድ ለእረፍት ስመለስ አንድ ጥያቄ ይዤላቸው ነበር። ሊመልሱልኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ከሚኒባሱ ስወርድ የማለቅሰው ለእሳቸው ይሁን ለጥያቄዬ ለራሴም አልለየልኝም።

ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ ስጽፍ ያ ግራ መጋባት ገና አልለቀቀኝም። ስለ ሙት የሚጻፍ ነገር ረጋ ብሎ መጻፍ እንዳለበት አውቃለሁ። እንደምንም እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው በመጽሐፍ ነው። ጋሽ አዴሎ ለማንም ያውሱ ነበር፤ የሚጠይቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው። መጽሐፉን ስትመልሱ ቆማችሁ ታሪኩን ትነግሯቸዋላችሁ፤ ያልነገረ ሌላ አያገኝም። መጽሐፎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ስለኖሩ የብዙዎቹ የመጨረሻ ገጾች ወልቀው ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ተራው የእሳቸው ይሆናል፤ መጨረሻውን እሳቸው ይነግሩናል። አንዱን መጽሐፍ ለእኔ ሲጨርሱልኝ ባለታሪኳ ልጅ አገሯ ገብታ እናቷን በሕይወት አገኘቻት አሉኝ። ለጓደኛዬ ለምሕረት ግን ልጅቷ እዚያው ከተማ ቀርታ ሐኪም ሆነች ብለዋታል። ተጨቃጭቀን አብረን ብንሄድ፣ «ለሁለታችሁም የሚበቃ መጨረሻ አለው» ብለው ሳቁብን። ምሕረት ሐኪም መሆን ትመኝ ነበር። የእኔ እናት ያረፈችው በዚያው ዓመት ነበር።

ፊልሙ የሕንድ ከሆነ ደግሞ ድምፁን ቀነስ አድርገው፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው፣ ተዋናዮቹ የሚሉትን በአማርኛ ይነግሩን ነበር። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ቀልዱ ካመለጣቸው በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ይደግሙላቸዋል። ቋንቋውን ከየት አወቁት ሲባሉ፣ በልጅነታቸው ሒሳብ ያስተማሯቸውን አንድ ሕንዳዊ መምህር ይጠሩ ነበር። እኛም አመንን፤ ለምን አናምን? አንድ ጊዜ ነጭ በለበሰ ሰው የተሞላ ግቢ ታየና ጋሽ አዴሎ ሠርግ ነው አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። መሀል ያለችው ሴት ታለቅስ ነበር። እናቷን መለየት ከብዷት ነው፣ ሙሽራ አይደለች እንዴ ብለው አስረዱን፤ እኛም ለሙሽራዋ አብረን አለቀስንላት። እዚያ አገር ነጭ የሐዘን ልብስ መሆኑን የተረዳሁት ሕንድ ከገባሁ በኋላ ነው። ለካስ እልል ያልነው ባሏ ለሞተባት ሴት ኖሯል።

ሁለተኛ ዲግሪዬን እዚያ እንድማር ዕድሉ ሲመጣልኝ አባቴ እምቢ አለ። ጨካኝ ሆኖ አይደለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ ዋጫ አጠገብ ካለው የቡና ማሳችን ሲመለስ ቤት የሚቆየው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሽ አዴሎ ይህን ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አላውቅም። ብቻ አንድ እሑድ መንገድ ላይ አግኝተውት፣ ዛሬ እንኳ ገብተህ እይ ብለው እጁን ይዘው አስገቡት። አባቴ ፊልም ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ጋቢውን አጣፍቶ ከእኔ ጎን እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ፊልሙን የመረጡት ግን እሳቸው አልነበሩም። እንደ ልማዱ ወጣቶቹ እጅ አውጥተው ነው የመረጡት።

በፊልሙ መጨረሻ አንዲት ልጅ ለትምህርት ሩቅ ልትሄድ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። አባቷ ጣቱን ቀስሮ ይናገራታል። ጋሽ አዴሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው የአባትየውን ፊት አዩና ተረጎሙ።

«ሂጂ ልጄ። ቤቱ እንደሆነ የትም አይሄድም።»

 በማግስቱ ቁርስ ላይ አባቴ ፓስፖርት ለማውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ።

ውጭ አገር መማር ለእኔ መጀመሪያ ላይ ዝምታ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጽሐፍ ስመልስ ማሽኑ ጢጥ ብሎ ይቀበለኛል፤ ታሪኩ እንዴት ነበር የሚለኝ የለም። አንዳንዴ በር ላይ ላለው ጥበቃ ልነግረው ይቃጣኝ ነበር። እንዲህ እያልኩ ለምጄ ሳለ፣ ዘንድሮ አብራኝ የምትኖረው ሕንዳዊት ልጅ ያንኑ ፊልም ከፈተች። ይህኛው ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትርጉም ነበረው። ጣቱን የቀሰረው አባት የሚለው፣ ከዚህ ደጃፍ ከወጣሽ አባት የለሽም ነው። መልሼ አጫወትኩት። ሕንዳዊቷንም ልጅ ጠየቅኋት፤ ትርጉሙ ልክ ነው አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌም ትምህርቴም ተዛባ። የአባቴ ፈቃድ የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነበር፤ ቃሏ ደግሞ አልተባለችም። በስህተት የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ ይባላል? ጋሽ አዴሎ ጋ ልደውል ብዬ ስልኩን ደጋግሜ አነሣሁና ተውኩት፤ ፊታቸውን እያየሁ መጠየቅ ፈለግሁ። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ቦታው ባይሆንም ጋሽ አዴሎ ቋንቋውን በእርግጥ ያውቁት እንደነበር ጠየቅኋቸው፤ እንባቸውን ሳይጠርጉ ፈገግ አሉ። ሕንዳዊው መምህር ከሒሳብ በቀር ሌላ እንዳላስተማረ፣ ጋሽ አዴሎ ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ፊልሙን እያዩ ታሪኩን ከተዋናዮቹ ፊት እንደሚለቅሙት ነገሩኝ።

«ቃሉን አያውቅም ነበር ልጄ» አሉኝ። «ፊት ግን ያነብ ነበር።»

ይሄ ደግሞ ይባስ አደናገረኝ። ፊት የሚያነብ ሰው ያን ሁሉ ቁጣ እንዴት ያጣዋል? ካላጣው ሆን ብለው ነው። ሆን ብለው ከሆነ ታዲያ ባል የሞተባትን ሴት ሙሽራ ያደረጓትስ? ወይስ እሷንም አዝነውላት ነው የዳሯት? የመጽሐፎቹን መጨረሻ አስታወስኩና አውቀው ነው አልኩ፤ እልልታውን አስታወስኩና ተሳስተው ነው አልኩ። ድንኳኑ ውስጥ እንዲህ ስመላለስ ሰው የሚለኝንም አልሰማም ነበር።

ከለቅሶው ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ፈቃዱን ካነሣ የቀረኝን አንድ ዓመት ትቼ ከእሱ ጋር ልቀመጥ ወስኜ ነበር። እሱ አንዲት ባጃጅ እስክታልፈን ዳር ይዞ ቆመ።

«ፊልሙ ላይ ያለው አባት እንደተቆጣ እኮ አይቻለሁ» አለኝ። «ማን ያንን ያጣዋል? እኔም ያን ሰሞን ፊቴ እንደሱ ነበር። አዴሎ ሂጂ ብሏታል ሲል፣ ለካ ተቆጥቶም መፍቀድ ይቻላል ብዬ ወጣሁ።»

ጋሽ አዴሎ አውቀው ይመስልሃል ወይ አልኩት። ያንን እኔ እንጃ አለና መንገዱን ቀጠለ። ጥቂት ሄዶ መመለሻሽ መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ጋሽ አዴሎ፣ እኔ ዛሬም አልገባኝም። መጨረሻው ወልቆ እንደሚመጣልን መጽሐፍ ሆነውብኛል፤ የሚጨርስልን ሰው ደግሞ እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ እርስዎ እንዳስለመዱን ለራሴ የሚበቃኝን መጨረሻ እይዛለሁ፤ ምሕረትም የራሷን ትያዝ። ያነበብኩትን የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ግን በጣም ከፍቶኛል። እኔ በቅርቡ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ፤ አባቴ ጅማ ድረስ ይሸኘኛል። የክፍሉን ቁልፍ እትዬ ዘነበች ይዘዋል፤ «መጽሐፍ የሚመልስ ሰው እንደ ድሮው ቆሞ ይነግረኛል» ብለዋል። እንግዲህ እርስዎም በሰላም ይሂዱ። ቤቱ እንደሆነ የትም አይሄድም።