መልሶ የሚገፋ መሪ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁ ምሽት ላማችንን ምጥ ይዟት ነበር። ተኩሱ ከወደ ውጫሌ እየቀረበ፣ ሚኒባሱም መንገድ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀ፣ ባለቤቴ የእንድሪስ አባት በረት ውስጥ ቁጢጥ ብለው ሆዷን ያሻሉ።

«አንቱ፣ ኧረ ይነሱ!» አልኳቸው።

«እንዲህ ሆና ትቻት የት ልሂድ? አንቺ ሂጂ፤ ጥጃውን አይቼ እደርሳለሁ» አሉኝ። እንዲህ ሆነን ተለያየን። ዱዓ እንኳ በወጉ አልተደራረግንም።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እየነገርኩ ልጄ እንድሪስ ነው የሚጽፈው፤ አገር ቤት ላላችሁም፣ እንደኔ ዐረብ አገር ለወደቃችሁም። እግሬ ዞሮ የማይጠግብ ነው፤ አህያ እየነዳሁ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ቢስቲማ ገበያ ስል የልጅ ልጅ አየሁ። ግን የትም ብሄድ ስመለስ ደጄ አለ። ደጁን የማላውቀው መንገድ ይሄ ብቻ ነው።

ልጄ ካለበት ሻርጃ ስንወርድ ፓስፖርት የሚመታው ጎረምሳ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ከኋላዬ የቆመች የኮምቦልቻ ልጅ አስተረጎመችልኝ።

«ልጄን ልጠይቅ።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«መንገዱ ሲከፈት።»

«የምን መንገድ? የመጣሽው በአውሮፕላን አይደል?»

«አውሮፕላኑማ ቤቴ ድረስ አይገባም ልጄ።»

አልሳቀም። መታና መለሰልኝ።

እዚህ ማለዳ ከሐይቁ የሚነሳው ጉም የለም፤ ቀዝቃዛ ብላችሁ የምትከፍቱት ውሃ ይፋጃል። ዓሣው በበረዶ ተከፍኖ ይመጣል፤ የእኛን ቆሮሶ ከታንኳ ስንቀበል እጃችን ላይ ይዘል የለም? ሰውም በሩን ዘግቶ ይበላል። ወላሂ፣ ይሄን አልለመድኩትም።

ከዚያ ስልክ ተቋረጠ። ወደ ሐይቅ ስደውል ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴት ብቻ ናት የምታነሳው። «ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ጮክ ብለሽ ጥሪያቸው፤ ጆሯቸው ይከብዳል» እላታለሁ። እንድሪስ ፊቱን ያዞራል። አባቱ ይኑሩ፣ አይኑሩ፣ የሚነግረን ጠፋ።

እንድሪስ ታክሲ ነጂ ነው። ልጅ ሳለ ወደ ኮምቦልቻ የሚያልፈውን አውሮፕላን እያየ ፓይለት እሆናለሁ ይል ነበር። አሁን ከሥራ ሲገባ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሙሌተር የሚሉትን፣ አውሮፕላን የመንዳት ጨዋታ ይከፍታል። አንድ ቀን፣ «እማ፣ ነይ ቤት ላድርስሽ» ብሎ ከኮምቦልቻ አስነሳኝ። ደሴን አለፍን፤ የአርዲቦ ውሃ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሐይቅ! ውሃው ራሱ ነው። ቤት ግን አንድም የለም።

«ሰዉን የት አደረሱት?» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ እማ፣ ጨዋታው የሚያውቀው ተራራና ውሃ ብቻ ነው!»

መሪውን፣ ጆይስቲክ የሚሉትን ዘንግ፣ አስያዘኝ። ወደ ገፋሁት ይወድቃል፤ ነፋስ ቢነሳ፣ ተራራ ቢቀርብ፣ እጄ ላይ ምንም የለ። «ይሄማ የሬሳ እጅ ነው። በዚህ አገሬ አልገባም» አልኩት።

«መልሶ የሚገፋም አለ፤ ፎርስ ፊድባክ ይሉታል። ውስጡ ሞተር አለው፤ አየሩ ክንፉን ሲጫነው እጅሽ ላይ ይከብድሻል» አለኝና ሱቅ ይዞኝ ሄደ።

ሻጩ ሕንድ ነው። «ለልጅ ነው?» ብሎ እንድሪስን ጠየቀው።

«ለእናቴ።»

ሰውዬው ሳቀና በእንድሪስ በኩል ጠየቀኝ። «ሐጃ፣ የትኛውን አውሮፕላን ነው የምትነጂው?»

«ሐይቅ የሚገባውን።»

«ሐይቅን አላውቀውም።»

«እኔም አሁን አሁን እየጠፋኝ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ ያስያዘኝ ሲነኩት ይርገፈገፋል። «ይሄ ወባ የያዘው ነው» አልኩ። እንድሪስም ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው አለኝ፤ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ አይገፋም። ሁለተኛው ጉልበተኛ ነው፤ አንጓዬን ሊነቅለው ደረሰ፤ የብረት ጠረጴዛም ይፈልጋል። ሦስተኛው መሪ ሌላ ሰው የተጠቀመበት ነበር። ሲያዞሩት አይንገራገጭም፤ ቀስ እያለ ይከብዳል፣ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ልክ እንደ አህያ ገመድ፣ አህያዋ ከመሄዷ በፊት ሐሳቧን በእጃችሁ እንደምትነግራችሁ። «ይሄ ነው» አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ጥፍር አድርገን አሰርነው። ሲገፋ ግን ጠረጴዛው ወለሉን ይደቃል፤ አከራያችን ከታች እየተነጫነጩ መጡ።

«ቤቴ ውስጥ ምን አስራችሁ ነው?»

«አውሮፕላን ነው፣ አቡ ሐሰን» አለ እንድሪስ።

«በውላችን ድመት እንኳ ክልክል ነው!» ብለው በሩን ወረወሩት።

ያን ለት ሐይቅን አልፌ ወደ አምባሰል ተራራ ወጣሁ። ገደሉ ሲቀርብ መሪው ከበደኝ፣ ጎተተኝ። አህያ ዳገት ላይ ስታስቸግር ገመዷን ይለቁላታል፤ መንገዱን እሷ ታውቀዋለች። እኔም ለቀቅኩት። አውሮፕላኑ አምባሰል ላይ ተከሰከሰ።

«እማ! ይሄ እኮ መንገድ አያውቅም! ሲገፋሽ ያዢው እንጂ!»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ እንባዬ መጣ። እዚህ ያለው ነገር ሁሉ አገሬን አያውቃትም፤ እኔ ከለቀቅኩ ትወድቃለች።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ሄድኩ። አንድ ምሽት ውሃው ላይ እያለሁ የእንድሪስ ስልክ ጮኸ። የአባቱ ቁጥር ነበር።

«ዘሀራ ነሽ?»

አልሐምዱሊላህ ብዬ አለቀስኩ። «ላሟስ?» አልኳቸው፤ ሌላ ቃል ጠፋኝ።

«በሰላም ወለደች። በኋላ እሷን ታጣቂዎች ነድተው ወሰዷት። ጥጃው ያለ እናቱ አልቆየም።»

የማጽናናበት ቢቸግረኝ፣ «አብሽሩ፣ እኔ እኮ በየምሽቱ በላይዎ አልፋለሁ። እንድሪስ አውሮፕላን ገዝቶልኝ» አልኳቸው።

«አውሮፕላን?» አሉኝ።

«የጨዋታ ነው፤ አገሩን የሚያሳይ…»

«ዘሀራ» አሉ፣ ድምፃቸው ወረደ፤ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ በቤቱ ላይ አትምጪ። እዚህ የሚመጣው የጦር አውሮፕላን ነው፤ ድምፁማ ለኔ ጆሮም ይሰማል። በሰማነው ቁጥር ቁልቋሉ ሥር ነው የምንገባው። ትናንትም—»

ስልኩ ተቋረጠ።

ጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ አርዲቦ ላይ ስደርስ አውሮፕላኑን አዞረዋለሁ። መሪው እጄን ይገፋል፤ እኔም እንደ ልጄ ምክር አልለቀውም።

ስልኩን በየቀኑ እሞክራለሁ። የምታነሳው ያችው ሴት ናት። «ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» እላታለሁ፤ «ቀስ ብለሽ ጥሪያቸው። እንዳይደነግጡ።»