ኮምባይነሩና የአባቴ እግር

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። የሞተ ሰው የለበትም። በሮቤ ሜዳ አንድ አሮጌ ማሽን ስንዴ ሲያጭድ በአንድ ገበሬ ላይ የደረሰ አደጋ ነው፤ እንዲህ ያለ አደጋ ደግሞ በየእርሻው ይደርሳል። ነገር ግን ገበሬው አባቴ ነበሩ። ያን ቀን ያየሁትንም እስካሁን አምኜ መቀበል አልቻልኩም። ስለዚህ ምንም ሳልጨምር፣ እንዳየሁት ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ያኔ ጎባ አክስቴ ቤት ተቀምጬ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። ቅዳሜና እሁድ ወደ ሮቤ በሚወርድ መኪና ተሳፍሬ ቤተሰቦቼ ጋ እሄዳለሁ። መንደራችን ከከተማው ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ነው፤ በመንደር ምሥረታ ጊዜ ነባሩን ቤታችንን አፍርሰን በመደዳ የሠራነው። አባቴና ጎረቤቶቻችን መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው በአምራቾች ማኅበር ያርሱ ነበር። በዚያ ዓመት ስንዴው ደርሶ ቆሞ ሳለ፣ በጥር ወር ማንም ያልጠበቀው ደመና መጣ። በእጅ አጭዶ፣ ከምሮ፣ በበሬና በፈረስ አበራይቶ ለማስገባት ጊዜ አልነበረም። ማኅበሩ ከመንግሥት እርሻ ኮምባይነር ለመነ። የተሰጠን ግን ከሁሉም አሮጌው ነበር።

ቀዩ ቀለሙ ነጥቶ፣ የጎኑ ክዳን በሽቦ ታስሮ፣ ጭስ እየተፋ መጣ። ኦፕሬተሩ ቀልደኛ የጎባ ሰው ነው። አንዲት ጎረቤታችን ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አይተው፣

«ይሄ ራሱ ይሄዳል ወይስ እኛ እንግፋው?» አሉት።

«ግፉት እንጂ አዴ! እኔ መሪውን እይዛለሁ» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ማሽኑ ስንዴው ውስጥ ሲገባ ግን ሳቁ ቆመ። በደቦ ከሳምንት በላይ የሚፈጅብን ማሳ ዓይናችን እያየ ይላጭ ጀመር። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ኦፕሬተሩም በዞረ ቁጥር ባርኔጣውን እያውለበለበ ይመልስላቸው ነበር። አባቴ ከማሽኑ ኋላ ኋላ ይሄዱና ጎንበስ ብለው ገለባውን በእጃቸው ይፈትሻሉ።

«እህሉ የታለ?» አሉ በመጨረሻ።

ኦፕሬተሩ ማሽኑን አቁሞ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን የብረት ታንክ አሳያቸው።

«አውድማውስ?»

«አውድማውም ጎተራውም እዚያው ነው፣ አባ።»

አባቴ ጠጋ አሉ። ታንኩን ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

በእኛ ዘንድ አውድማ ላይ በጫማ የሚቆም ሰው የለም። እህል ከአላህ የተሰጠ ሲሳይ ስለሆነ በጫማ አይረገጥም። አውድማ ዳር የደረሰ ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ «ቢስሚላህ» ብሎም ይገባል። ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው በዕድሜ ታላቅ የሆነው ነው። በመንደራችን ታላቁ ደግሞ አባቴ ነበሩ።

ከቀትር ሶላት በኋላ ታንኩ ሞልቶ እህሉን የሚጭነው የትራክተር ተሳቢ ተጠጋ። ከታንኩ ሥር እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ረጅም ብረት አለ፤ ሲዞር እህሉን እየገፋ በቧንቧ ወደ ተሳቢው ያወጣዋል። ስንዴው ጥቂት ፈሰሰና ቆመ። እርጥበት ስለነበረው ተጣብቆ ነው። ኦፕሬተሩ ብረቱን አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ከኦፕሬተሩ ጋር የመጣው ወጣት ረዳት የተጣበቀውን ሊገፋ በቦት ጫማው የታንኩን መሰላል ሲይዝ አባቴ ጮኹበት።

«አንተ ልጅ! በጫማህ እህል ላይ?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንገባው፣ አባ።»

«ሁልጊዜ ነው ጥፋት የምትሠሩት? ውረድ!»

ልጁ እየሳቀ ወረደና ጫማውን ሊፈታ ጎማው ሥር ተቀመጠ። አባቴ አልጠበቁትም። በረባሷቸውን አወለቁ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ወጡ። በአውድማ ላይ ምርት እንደሚበትኑት ስንዴውን በባዶ እግራቸው ይገፉት ጀመር። ኦፕሬተሩ ፊቱ ወደ ፊት ነበር። ዞር ሲል ረዳቱን መሬት ላይ አየው፤ ሥራው አልቋል ብሎም አሰበ። ብረቱን የሚያስነሳውን እጀታ ሳበው።

አባቴ እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። መጀመሪያ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። አልጮኹም። ተሳቢው ላይ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ እያዩ ቀስ ብለው «ና ቀቤ» አሉኝ፤ ከከንፈራቸው እንቅስቃሴ ነው የገባኝ። በኦሮምኛ «ብረቱ ያዘኝ» ማለታቸው ነው።

ታላቅ እህቴ «ዻቢ! ዻቢ!» እያለች ሮጠች፤ አቁም ማለቷ ነው። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጮኹ። ኦፕሬተሩ በሞተሩ ድምፅ ምክንያት ምንም አይሰማውም። ጠዋቱን ሙሉ እልል ሲሉለት የዋሉትን ሴቶች አየና ሳቀ፤ ባርኔጣውንም አውልቆ አውለበለበላቸው። አባቴን ብረት እየጎተታቸው ሰውየው ሰላም ይለን ነበር። በሕይወቴ እንዲህ የደነገጥኩበት ጊዜ የለም፤ ከቆምኩበት መንቀሳቀስ አቃተኝ።

ድንገት የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ብረቱን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ አርጅቶ ላልቶ ስለነበር ባለበት ተንሸራተተ፤ ብረቱም ቆመ። አዲስ ማሽን ቢሆን ኖሮ አይቆምም ነበር አሉን በኋላ። ከቧንቧው አፍ የወረደው የመጨረሻው ስንዴ ቀይ ነበር።

ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እያለቀሰ ብረቱን በእጁ ወደ ኋላ አዞረና እግራቸውን አወጣው። በተሳቢው እንውሰዳቸው ስንል አባቴ እንቢ አሉ።

«ደሜ እህል ላይ አይፈስም።»

«አባ፣ እህሉ ገደል ይግባ!» አለች እህቴ።

«አፍሽን ዝጊ!»

ስለዚህ ወንዶቹ በጋቢ ተሸክመዋቸው እስከ አስፋልቱ ሮጡ። አንድ የጭነት መኪና አስቁመን ጎባ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ ሁለት ጣቶች እንደጠፉ ነገረን። ከጣቶቹ ተነስቶ እግሩን የያዘው ጥቁረት ቁርጭምጭሚቱን ካለፈ እግሩ ከጉልበት በታች ይቆረጣል አለ። አንድ እግር ያለው ሰው እርፍ ይዞ በሬ እንደማይከተል ለእኛ ማንም መንገር አላስፈለገውም። በየማለዳው ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። እኔ ግን ቁስሉን አየው ነበር።

ከቀናት በኋላ ኦፕሬተሩ መጣና ክፍሉ በር ላይ ቆመ።

«ግባ፣ ልጄ» አሉት አባቴ። «ስንዴው ገባ?»

«የለም፣ አባ። እዚያው ቆሟል። ያን ማሽን ሁለተኛ አልነካውም ብዬ ምያለሁ።»

አባቴ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ደመናውን አታየውም? የስንት ቤት ልጆች ምን ሊበሉ ነው? እኔን የያዘኝ ብረቱ ነው፤ ስንዴው ምን አደረገህ?»

«አባ፣ እንዴት ብዬ...»

«ሂድና እጨድ! ሰው ሲገባበት ግን ሞተሩን አጥፋ። ከዚያ በጫማም ይግቡ፤ አላህ ይቅር ይላል።»

ክው አልኩ። ማሽኑን ይረግማሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «በጫማም ይግቡ» የሚል ቃል ከእሳቸው አፍ መስማቴ ከአደጋው ባልተናነሰ አስደነገጠኝ። ኦፕሬተሩ እጃቸውን ስሞ ወጣ። እህቴ ሰላም እንኳ አላለችውም። የቀረው ስንዴ ዝናቡ ሳይመታው ገባ፤ ደም የነካውን ሽማግሌዎቹ ለይተው ማሳው ዳር ቀበሩት።

ጥቁረቱ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያም እየሳሳ ሄደ። አባቴ በምርኩዝ፣ ቀጥሎም ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። ሐኪሙ ፋሻውን ለመጨረሻ ጊዜ ፈትቶ፣ እግሩን ግራና ቀኝ አገላብጦ፣ «ከእንግዲህ እዚህ አይምጡ፣ ወደ እርሻዎ ይሂዱ» ያላቸው ሚያዝያ 14 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።