ሁለት ስም የጻፍኩበት ፈቃድ

በአሰበ ተፈሪ፣ በአውራጃው ግዛት ጽሕፈት ቤት፣ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ጸሐፊ ሆኜ የተመደብኩት ገና በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሳለሁ ነው። የመጣሁት ከሸዋ ነው። የእጅ ጽሑፌ ቀጥ ያለ፣ መዝገቤም ስርዝ ድልዝ የሌለበት ስለ ነበር አለቆቼ ያምኑኝ ነበር።

ሕጉ ጥብቅ ነው። ጠመንጃ በፈቃድ ሊይዝ የሚፈልግ ባላገር ማመልከቻውን ቴምብር ለጥፎ ያቀርባል፤ የጭቃ ሹሙን የምስክርነት ቃል ያመጣል፤ ሁለት የታወቁ ዋሶች ይጠራል፤ ክስ የሌለበት መሆኑንም ከፖሊስ ያስጽፋል። ጠመንጃው ራሱ ቀርቦ የተቀረጸበት ቁጥር ይመዘገባል፤ መልሱ ከሐረር እስኪመጣም በግምጃ ቤታችን ይቆያል። ያለ ፈቃድ የተገኘ መሣሪያ ይወረሳል፤ ባለቤቱም ይታሰራል። እንግዲህ ሕግ አክባሪው መሣሪያውን አስረክቦ ባዶ እጁን ይጠብቃል፤ ሽፍታው ግን ታጥቆ በረሃውን ይዞራል። በዚያን ጊዜ ይህን አስተውዬ ነበር ማለት አልችልም።

ማሽላ በሚዘራበት ወር አንድ ከብት አርቢ ከቦርደዴ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። ከአባቱ የወረሰውን ምንሽር በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። በአገሩ ከብት ዘራፊዎች እንደ በዙ፣ ከብቶቹን የሚጠብቀው የበኩር ልጁ ከዱላ በቀር የያዘው ነገር እንደሌለ፣ ጠመንጃውን ደብቆ መያዝን ግን እንዳልፈለገ አስረዳኝ። በዕድሜ ቢበልጠኝም «አንተ» እለው ነበር፤ የቢሮው ልማድ ነበር። ምንሽሩን ተረክቤ ደረሰኝ ሰጠሁት።

ወረቀቶቹን ስመረምር ግን ስሙ አልገጠመም። ማመልከቻው ላይ የራሱና የአባቱ ስም ተጽፏል፤ ጭቃ ሹሙና ዋሶቹ ደግሞ የመሰከሩት «የእገሌ አባት» ለተባለ ሰው ነው። በዚያ አገር ልጅ የወለደን ሰው በስሙ መጥራት እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ «አባ» ይባልና የበኩር ልጁ ስም ይከተላል። እኔ ልማዱን ባውቅም መዝገቡ ልማድ አያውቅም። «ስሙ አልተጣጣመም፤ ተስተካክሎ ይቅረብ» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌ መለስኩት።

ከሳምንታት በኋላ ጭቃ ሹሙን አሳርሞ ተመለሰ። ዋሶቹ ግን ለማን ዋስ እንደ ሆኑ ሲጠየቁ፣ ሰውየው ፊታቸው ቆሞ ሳለ ስሙን ለመጥራት አፍረው፣ ዳግመኛ «የእገሌ አባት» ብለው ፈረሙ። እኔም ዳግመኛ መለስኩት።

በሦስተኛው ጊዜ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየ።

«ጌታዬ፣ በስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሞታለች። ምስክር ከየት ላምጣ?»

ፈገግ አለና «ወረቀትህ ላይ ሁለት ሰው ከሆንኩ፣ እንግዲያው ሁለት ጠመንጃ ስጠን» አለ። በሩ አጠገብ የነበሩ ባለጉዳዮች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ያን ዕለት መላ መጣልኝ። «እንትና፣ በሌላ ስሙ የእገሌ አባት የሚባለው» ብዬ በአንድ መስመር ጻፍኩና ማመልከቻውን ወደ ሐረር ላክሁት። በመጀመሪያው ቀን ልጽፈው የምችለው መስመር ነበር።

ፈቃዱ የመጣው ማሽላው ሲቆረጥ ነው። በጭቃ ሹሙ በኩል አስጠራሁት፤ ከዋሶቹ አንዱ ከሆነው ጎረቤቱ ጋር መጥቶ መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። በደንቡ መሠረት ስሙን በፈቃዱ ላይ እንደ ተጻፈው ሙሉውን ጠራሁ። አየኝ እንጂ አልተነሣም። ደግሜ ጠራሁ። ጎረቤቱ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጌታዬ፣ ሁለተኛውን ስም ተወው። ልጁን ከብቶቹ ዘንድ ገደሉት፤ ሦስት ሳምንት ሆነው።»

ሰውየው ተነሥቶ መጣ። ማንበብ ስለማይችል የልጁ ስም የተጻፈበት የቱ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት።

«ይሄን ማጥፋት ትችላለህ?»

ስርዝ ያለበት ፈቃድ እንደማይጸና፣ ሌላ እንዲጻፍለት ወደ ሐረር መላክ እንዳለበት፣ እስከዚያም ጠመንጃው ከግምጃ ቤት እንደማይወጣ ነገርኩት። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቀ። እንደ ፊተኛው ያህል እንደሚሆን ነገርኩት። አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ። ቀለም ቀብቼ አስፈረምኩት። ምንሽሩን ሳስረክበው ስለ ከብቶቹ ጠየቅሁ። «ነድተዋቸዋል፤ የቀረ የለም» አለ ጎረቤቱ በእርሱ ፈንታ። የሚጠብቀው ነገር የሌለው ሰው የአባቱን ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ፣ ፈቃዱን በደረቱ ይዞ ወጣ።

በዓመቱ ተቆጣጣሪ ከሐረር መጣ። መዝገቤን ገጽ በገጽ ካየ በኋላ ያን ሁለት ስም ያለበትን ገጽ ገልጦ ለጸሐፊዎቹ ሁሉ አሳየ፤ ብልሃቱንም አመሰገነ። ከዚያ ወዲህ በቦኬም በበደሳም ያሉ የወረዳ ጸሐፊዎች የአመልካችን ስም በዚሁ መልክ እንዲጽፉ ታዘዘ። የትእዛዙን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።